ቅጂው ማዶ ነው፤ ማን ያሻግረን?

እሑድ ከሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። አጎትየው የአንድ ክሊኒኮች ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው። የእህቱ ልጅ አሽበርን ባለ ዳታ ሴንተር ውስጥ የስቶሬጅ መሐንዲስ ናት። የሚያነሷቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አጎት፦ ይህን ወረቀት እስቲ እዪልኝ። ነገ ፊርማዬን ይጠብቃል። አንድ ስቶሬጅ አለን፤ ደህና ይሠራል፤ ማንም አላማረረም። አሁን ደግሞ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ ገዝተን ከዚህ 18 ኪሎ ሜትር ላይ እናስቀምጥ ይሉኛል። ለባክአፕ በየወሩ እከፍላለሁ። አንዱን ዳታ ስንት ጊዜ ነው የምገዛው?

መሐንዲሷ፦ ባክአፑ ላይ ስንት ዳታ አለ፣ ጋሼ?

አጎት፦ ወደ 200 ቴራባይት ይላል። የታካሚ መዝገቡ፣ ራጁ፣ ክፍያው፣ ሁሉም እዚያ ነው።

መሐንዲሷ፦ እሺ፤ ዋናው ስቶሬጅ ዛሬ ማታ ተቃጠለ እንበል። መጀመሪያ ነገር፣ ባክአፑን የሚቀበል ባዶ ስቶሬጅ ከየት ይመጣል? ተገኘ እንበልና በሴኮንድ 1 ጊጋባይት ቢፈስ፣ ያም ጥሩ የሚባል ፍጥነት ነው፣ ሥራው 200,000 ሴኮንድ ይወስዳል። ከ55 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ሐኪሞቻችሁ ሁለት ቀን ከሰባት ሰዓት ያለ መዝገብ ይሠራሉ። ባክአፑ የተወሰደው ትናንት ሌሊት ከሆነ ደግሞ የዛሬ ቀን ሥራ ጭራሹኑ የለም።

አጎት፦ እንዲህ ከሆነ ባክአፑ ከንቱ ነዋ!

መሐንዲሷ፦ ኧረ በፍጹም! እሱ ላይ እመለሳለሁ፤ የወረቀቱ ትልቁ ጉድ እዚያ ነው። ለጊዜው ሁለት ጥያቄ ለይተን እንያዝ። አደጋ ሲደርስ የስንት ደቂቃ ሥራ ቢጠፋብን እንችላለን? አርፒኦ የሚሉት ይህን ነው። ሥራ አቁመን ስንት ሰዓት መቆየት እንችላለን? ይህ ደግሞ አርቲኦ ነው። እዚህ ገጽ ላይ አርፒኦ ዜሮ፣ አርቲኦ 15 ደቂቃ ብለው ጽፈዋል። የመጀመሪያውን ቁጥር ማሽን ሊሰጣችሁ ይችል ይሆናል። ሁለተኛውን የሚሸጥ ማሽን ግን እኔ እስካሁን አላየሁም።

አጎት፦ በተራ አስረጂኝ። ዜሮ እንዴት ዜሮ ይሆናል?

መሐንዲሷ፦ የድርጅታችሁ ቼክ ላይ ስንት ሰው ይፈርማል?

አጎት፦ ገንዘቡ ከፍ ካለ ሁለት።

መሐንዲሷ፦ ሁለቱም ካልፈረሙ ባንኩ አይከፍልም። ሲንክሮነስ ሪፕሊኬሽን እንደዚያ ነው። ሰርቨሩ አንድ ነገር እንዲጻፍ ለዋናው ስቶሬጅ ይልካል። ዋናው ለራሱ ይይዝና ወዲያው በፋይበር ወደ ማዶው ያስተላልፋል። ማዶው "ይዣለሁ" ብሎ ሲመልስ ነው ዋናው ለሰርቨሩ "ተጽፏል" የሚለው። ስለዚህ ተጽፏል የተባለ ሁሉ ሁለት ቦታ አለ፤ ዋናው ቤት በዚያች ቅጽበት ቢወድም አንዲት ፊደል አትጠፋም። ኢኤምሲ የተባለው የስቶሬጅ ኩባንያ ይህን በ1994 ኤስአርዲኤፍ በሚል ስም ገበያ ላይ ሲያወጣው ለባንኮች ትልቅ ነገር ነበር፤ ሰርቨሩም ፕሮግራሙም ቅጂ መኖሩን ሳያውቁ ሥራው በስቶሬጆቹ መካከል ያልቃላ።

አጎት፦ ሁለተኛው ፈራሚ ፈቃድ ቢወጣስ?

መሐንዲሷ፦ እሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው! ፋይበሩ ሲቋረጥ ስቶሬጁ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንድም ነገር አይጽፍም፤ ወይ ብቻውን ይቀጥልና ያልተላከውን ምልክት እያደረገ ይይዛል፤ መስመሩ ሲመለስ ያን ያህሉን ብቻ ይልካል። በተቆረጠ ፋይበር ምክንያት ክሊኒክ የሚዘጋ ሰው ስለሌለ ሁሉም ሁለተኛውን ያዛል። ያኔ ታዲያ ዜሮው ዜሮ አይደለም። ዋናው ብቻውን ሲሠራ በቆየባቸው ሰዓታት ውስጥ አደጋ ቢደርስ ያ ሁሉ ይጠፋል። ይህን ለሒሳብ ክፍል የሚነግር ሻጭ የለም።

አጎት፦ ይሁን። ግን ርቀቱ አልገባኝም። ለደኅንነት ከሆነ ለምን ቺካጎ አይሆንም? እኔ ብሆን የማላየው ቦታ ነው የማስቀምጠው።

መሐንዲሷ፦ የሚያስቸግረን ብርሃን ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 1 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ለእኔና ለእርስዎ ይህ ምንም ነው። የዛሬው ፍላሽ ስቶሬጅ ግን ከግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መልስ ይሰጣል፤ በእሱ ላይ 1 ሚሊ ሴኮንድ ቢጨመር ሥራው ሦስት እጥፍ ዘገየ ማለት ነው። ቺካጎ በአየር እንኳ 1,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ፋይበሩ ደግሞ የባቡር ሐዲድና የመኪና መንገድ እየተከተለ ስለሚጠማዘዝ ከዚያ ይረዝማል። 10 ሚሊ ሴኮንድና ከዚያም በላይ ይሆናል። ነርሷ አንድ ቅጽ ስታስቀምጥ ከኋላው ተራ በተራ የሚጠባበቁ 50 ጽሕፈቶች ቢኖሩ ግማሽ ሴኮንድ ቆማ ትጠብቃለች። ቀኑን ሙሉ፣ በየቅጹ። በሳምንቱ ቢሮዎ በር ላይ ያገኟታል።

አጎት፦ ስለዚህ የሩቁ ዘገምተኛ፣ የቅርቡ አደገኛ ነው።

መሐንዲሷ፦ ክርክሩ በመንግሥት ደረጃም ተደርጓል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪውና የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ለትልልቆቹ የክፍያ ማጣሪያ ተቋማት መመሪያ ለማውጣት በ2002 ረቂቅ ለውይይት አቀረቡ። ተጠባባቂው ማዕከል ከ200 እስከ 300 ማይል ይራቅ ወይ የሚል ጥያቄ በረቂቁ ውስጥ ነበረ። ባንኮቹ ጮኹ፤ ሲንክሮነስ ሪፕሊኬሽን እዚያ ድረስ አይዘልቅም አሉ። በኤፕሪል 2003 የወጣው የመጨረሻ ሰነድ ርቀትን በማይል መወሰኑን ተወው። በምትኩ ሁለቱ ማዕከላት በአንድ መጓጓዣ፣ በአንድ ቴሌኮም፣ በአንድ ውሃና በአንድ መብራት ላይ አይንጠልጠሉ አለ። አንዳንዱ ሰው መንግሥት ተሸነፈ ይላል። እኔ ግን ከማይሉ ይልቅ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ። እና ጋሼ፣ የሁለቱም ሕንጻ መብራት ከየት ነው?

አጎት፦ ከዶሚኒየን ነው፤ ከየት ሊሆን ኖሯል?

መሐንዲሷ፦ ጁን 29 ቀን 2012 የመጣውን ማዕበል ያስታውሳሉ?

አጎት፦ ደሬቾ ያሉትን? እንዴት እረሳዋለሁ! በዚያ ሙቀት መብራት የለ፣ ማቀዝቀዣ የለ።

መሐንዲሷ፦ በሰሜን ቨርጂኒያ የአደጋ ጊዜ ስልኩ 911 ሳይቀር ጠፍቶ ነበር። የስልክ ኩባንያው ቬራይዘን አርሊንግተንና ፌርፋክስ ባሉት ሕንጻዎቹ ጄኔሬተር አልነሣ ብሎት ነው፤ ሁለት ሕንጻ፣ አንድ ማዕበል። የአማዞን ዳታ ሴንተርም በዚያው ሌሊት መብራት አጥቶ ኔትፍሊክስና ኢንስታግራም ቆሙ። የእናንተ 18 ኪሎ ሜትር ከእሳት ያድናል፤ ቧንቧ ከመፈንዳት ያድናል፤ ስቶሬጁ ራሱ ከመሞት ያድናል። ከእንደዚያ ዓይነቱ ማዕበል ግን አያድንም። አይግዙት ማለቴ አይደለም። "ዲዛስተር" የሚለውን ቃል ግን ከወረቀቱ ርዕስ ላይ ያውጡት።

አጎት፦ መስመሩስ? ሁለት ፋይበር ከሁለት ኩባንያ ተከራይተናል ይላል። ይህ ደህና ይመስለኛል።

መሐንዲሷ፦ የቱ ጋ እንደሚያልፉ ካርታ አሳይተዋችኋል? ጁላይ 18 ቀን 2001 ባልቲሞር ውስጥ የጭነት ባቡር ሃዋርድ ስትሪት ዋሻ ውስጥ ከሐዲድ ወጥቶ ተቃጠለ፤ ቀናት ነደደ። በዋሻው ውስጥ የብዙ ኩባንያ ፋይበር ጎን ለጎን ያልፍ ነበር። ደንበኞቹ ለተለያየ ኩባንያ ሲከፍሉ የኖሩት ለአንድ ዋሻ ነበር። ኢንተርኔቱ ከዚህ አካባቢ አልፎ ሌላም ቦታ ተንቀራፈፈ። ካርታውን ይጠይቁ፤ "ምስጢር ነው" ካሏችሁ ኪራዩን ያስቀንሱ።

አጎት፦ እሱን እኔው እጨርሰዋለሁ። አሁን ሩቁን በሌላ መንገድ ማድረግ አይቻልም? ሳይጠብቅ የሚልክ?

መሐንዲሷ፦ ይቻላል፤ አሲንክሮነስ ይባላል። ዋናው ለሰርቨሩ ወዲያው "ተጽፏል" ይላል፤ ለማዶው የሚላከው በየጥቂት ሴኮንዱ ተጠቅልሎ ኋላ ይከተላል። ማዶው ቺካጎ ይሁን ሲያትል ነርሷ አታውቀውም። ዋጋው ግን መንገድ ላይ ያለው ዳታ ነው፤ አደጋ ሲደርስ ያልደረሰው ቀረ ማለት ነው። አንድ ስስ ነገር አለው። ዳታው ማዶ የሚደርሰው በተጻፈበት ቅደም ተከተል መሆን አለበት፤ ያውም በአንድ ዲስክ ብቻ ሳይሆን ዳታቤዙ በሚጠቀምባቸው ዲስኮች ሁሉ። እርስዎ ክፍያውን ከመመዝገብዎ በፊት ደረሰኙን ይቆርጣሉ?

አጎት፦ ኦዲተር ይበላኛል።

መሐንዲሷ፦ ዳታቤዙም እንደዚያ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ማዶ ያለው ነገር ኋላ የቀረ ቅጂ አይባልም፤ ጭራሽ የማይከፈት ዳታቤዝ ነው። ስለዚህ አብረው የሚሄዱት ዲስኮች በአንድ ቡድን ታስረው እኩል መቆም፣ እኩል መንቀሳቀስ አለባቸው። ዲስክ ሲጨመር ቡድኑ ውስጥ ማስገባት መርሳት በየቤቱ ያለ በሽታ ነው።

አጎት፦ ኋላ መቅረቱ ምን ያህል ነው? ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለተኛው አማራጭ 15 ሴኮንድ ይላል።

መሐንዲሷ፦ መስመሩ በሴኮንድ ስንት ያሳልፋል ብለዋል? 1 ጊጋቢት። በባይት ሲሆን 125 ሜጋባይት። ጠዋት ክሊኒኮቹ ሲሞሉ፣ ራጁም ሲጨመር፣ በሴኮንድ 300 ሜጋባይት ይጻፋል እንበል። ያንን ጎን ለጎን አድርገው ይዩት፤ የእርስዎ ሙያ ነው።

አጎት፦ በየሴኮንዱ 175 ውዝፍ አለ። በሰዓት... 630,000 ሜጋባይት። 630 ጊጋባይት!

መሐንዲሷ፦ በዚያች ሰዓት ውስጥ መስመሩ ያሳለፈው 450 ጊጋባይት ነው፤ ይህም የ25 ደቂቃ ጽሕፈት ነው። ስለዚህ ከሰዓቱ ማብቂያ ላይ ማዶው በ35 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። 15 ሴኮንድ የተባለው እውነት ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሲተኛ። አንዳንዱ ስቶሬጅ ውዝፉ ሲበዛበት ደግሞ ማስታወሻው ይሞላና ሪፕሊኬሽኑን ራሱ ያቆማል። የመስመር ስፋት የሚለካው በአማካዩ ሳይሆን በሥራ ጫፍ ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው አማካዩ ነው።

አጎት፦ እኔ እኮ ይህን በአንድ ደቂቃ አስልቼ እደርስበት ነበር። ማንም ቁጥሩን አልሰጠኝም።

መሐንዲሷ፦ የጽሕፈቱን መጠን ለአንድ ወር በየአምስት ደቂቃው መዝግበው ይስጡኝ ይበሏቸው። ስቶሬጁ ራሱ ይመዘግባል፤ ማውጣት ብቻ ነው።

አጎት፦ አሁን ስለ ባክአፑ። ጉድ ያልሽው።

መሐንዲሷ፦ ወረቀቱ አራተኛ ገጽ ላይ፣ ሪፕሊኬሽኑ ከተተከለ በኋላ የባክአፑ ውል ይቋረጣል፣ በቁጠባውም ከወጪው የተወሰነው ይሸፈናል ይላል። ይህን የጻፈ ሰው እዚሁ ቨርጂኒያ በ2010 የሆነውን አልሰማም።

አጎት፦ ምን ሆነ?

መሐንዲሷ፦ የቨርጂኒያ መንግሥት ኮምፒውተሮቹን ለኖርዝሮፕ ግሩማን ኩባንያ በውል ሰጥቶ ነበር። ዋናው ዳታ ሴንተር ያኔ ሪችመንድ አጠገብ ቼስተር ውስጥ ነበረ። ኦገስት 25 ቀን 2010 እዚያ ከነበሩት ስቶሬጆች አንዱ፣ የኢኤምሲ ዲኤምኤክስ-3፣ የሜሞሪ ካርድ ችግር ገጠመው። ልብ ይበሉ፣ የአንድ መንደር ፋይል ማስቀመጫ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ውድ ከሚባሉት ተርታ ነው። ውስጡ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ነው፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ይሸከማል። ወደ ሁለተኛ ማዕከልም ሪፕሊኬሽን ነበረው።

አጎት፦ እንግዲህ ሁሉም ተሟልቷል።

መሐንዲሷ፦ ካርዱን ለመጠገን ተሞከረ። በጥገናው ወቅት ወደ ሁለተኛው ማዕከል የሚሄደው ሪፕሊኬሽን አልተቋረጠም። ዳታው ዋናው ላይ ሲበላሽ ብልሽቱም በዚያው መስመር ማዶ ገባ። ስቶሬጅ እኮ ትርጉም አያውቅም፤ ይህ ደህና ነው፣ ይህ የተበላሸ ነው አይልም። የተሰጠውን ብሎክ ይዞ ይሮጣል። ማዶ ላይ ደግሞ ከብልሽቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ የያዘ ስናፕሾት አልነበረም። ሁለት ማዕከል፣ ሁለት ቅጂ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት የተበላሹ። የቀረው ቴፕ ብቻ ነበር። 26 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተነኩ፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ለቀናት በመስኮቱ መንጃ ፈቃድ ማተም አልቻለም። ቴፑም ሁሉን አልመለሰም፤ ከአደጋው በፊት በነበሩት ቀናት ፎቶ የተነሡ ሰዎች ተመልሰው እንዲነሡ ተጠርተዋል። በገለልተኛ ባለሙያዎች የተደረገው ምርመራ በ2011 ወጥቶ እነዚህን ሁሉ ዘርዝሯል። ኩባንያውም ለግዛቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ካሳ ከፍሏል።

አጎት፦ እና እነዚህ ባክአፑን አቋርጥ ይሉኛል!

መሐንዲሷ፦ ሲንክሮነስ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ብልሽቱ ከ1 ሚሊ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ማዶ ይደርሳል። አንድ ሰው የታካሚውን ሰንጠረዥ በስሕተት ቢሰርዝም፣ ራንሰምዌር ገብቶ ሁሉንም ቢቆልፍም እንደዚያው። ሪፕሊኬሽን የሚጠብቃችሁ ቤቱ ከመጥፋቱ ነው፤ ዳታው ከመበላሸቱ አይደለም። ስለዚህ ማዶው ላይ በየሰዓቱ ስናፕሾት ይወሰድ፤ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በሌባ እጅ ቢገባ እንኳ ቀኑ ሳይደርስ የማይሰረዝ ይሁን። ባክአፑም ይቀጥል፤ ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ፣ በሌላ ሰው ቁልፍ። አራተኛውን ገጽ ቀድደው ይጣሉት።

አጎት፦ ሠርዤዋለሁ። አሁን ወደዚያች 15 ደቂቃ። እሷን የሚሸጥ ማሽን የለም አልሽ።

መሐንዲሷ፦ የለም። እስቲ አስቡት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ማዶ ያለው ስቶሬጅ ከዋናው ምንም አይሰማም። ዋናው ሞቶ ነው ወይስ ፋይበሩ ተቆርጦ? ከማዶ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ዋናው ሞቶ ከሆነ ማዶው ሥራውን መረከብ አለበት። ዋናው ደህና ሆኖ ፋይበሩ ብቻ ከተቆረጠ ግን፣ ማዶው ሲነሣ ሁለቱም "ዋናው እኔ ነኝ" እያሉ ይጽፋሉ። አንዱ ታካሚ ሁለት የተለያየ መዝገብ ይኖረዋል። ኋላ ይህን የሚያስታርቅ ማሽን የለም፤ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያያል።

አጎት፦ ታዲያ ሦስተኛ ሰው ይጠየቃ።

መሐንዲሷ፦ ይጠየቃል። ሦስተኛ ቦታ ላይ ምስክር የምንለው ትንሽ ሰርቨር ይቀመጣል፤ ሁለቱንም ያያል፣ ማን በሕይወት እንዳለ ይመሰክራል። ብዙ ሰው ይህን ምስክር ከዋናው ጋር በአንድ ሕንጻ ያስቀምጠዋል። ሕንጻው ሲጠፋ ምስክሩም አብሮ ይጠፋል፤ ማዶው ብቻውን ቀርቶ ለመነሣት ይፈራል። የእናንተው የት ነው? ሰርቨር ክፍል 2 ይላል። ዋናው ያለበት ሕንጻ ነው አይደል?

አጎት፦ ነው። እሱንም ጻፍኩት። ምስክሩ ደህና ቦታ ካለ ግን በራሱ ቢሻገር ምን አለበት? ሌሊት ሰው ከመቀስቀስ።

መሐንዲሷ፦ ጊትሀብን ያውቁታል? ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ነው። በ2018 ኦክቶበር 21 ቀን ምሥራቅ ጠረፍ ላይ መበላሸት የጀመረ የኦፕቲክ ዕቃ ሲቀየር መስመሩ ተቋረጠ። ለ43 ሴኮንድ ብቻ! እነሱ የሚጠቀሙት የስቶሬጅ ሪፕሊኬሽን ሳይሆን የዳታቤዝ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ማሽኑ በራሱ ወሰነ፤ የምሥራቁ ሞቷል ብሎ ሥራውን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አሻገረ። መስመሩ ሲመለስ ምሥራቅ ላይ ወደ ምዕራብ ያልተላኩ ጥቂት ሴኮንድ ጽሕፈቶች ተገኙ፤ ምዕራብ ደግሞ የራሱን አዲስ ጽሕፈት 40 ደቂቃ ያህል ሲቀበል ቆይቷል። ሁለቱም ሌላው የሌለው ነገር አለው። ፕሮግራሞቹ ምሥራቅ ቀርተው ዳታቤዙ ምዕራብ ስለሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ጥያቄ አገር አቋርጦ መሄድ ነበረበት። ሁሉንም አስተካክለው እስኪጨርሱ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። ዳታ ከሚጠፋ ይዘግይ ብለው ስለወሰኑ ነው የረዘመው፤ በዚህ ትክክል ናቸው እላለሁ።

አጎት፦ ለ43 ሴኮንድ 24 ሰዓት! ዝም ብለው ቢቀመጡ ይሻላቸው ነበር።

መሐንዲሷ፦ በዚያች ሌሊት፣ አዎ። ማሽኑ ግን የታዘዘውን ነው ያደረገው። አንድ ደቂቃ ጠብቅ ያለው ሰው አልነበረም። የእናንተ ሁለት ስቶሬጆች 18 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆኑና ሲንክሮነስ ከሆነ፣ ምስክሩም ሦስተኛ ቦታ ካለ፣ በራሱ ይሻገር፤ ሁለቱ ቅጂዎች እኩል እስከሆኑ ድረስ የሚጠፋ ነገር የለም። ወደ ሩቁና ወደ አሲንክሮነሱ ከሆነ ግን መሻገር ማለት የሆነ ያህል ሥራ እያወቁ መተው ነው። ያን ትቻለሁ የሚል ሰው ይኑር።

አጎት፦ ማን?

መሐንዲሷ፦ ወረቀቱ ላይ ማን ይላል?

አጎት፦ "የአይቲ ኃላፊው" ይላል።

መሐንዲሷ፦ አውሮፕላን ላይ ከሆነስ?

አጎት፦ ...

መሐንዲሷ፦ ሁለት ስም፣ ሁለት ስልክ። ስልኩም ከዋናው ስቶሬጅ ውጭ የተጻፈ ይሁን። ይህን ስል ቀልድ እንዳይመስልዎ። በኦክቶበር 2022 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ፓንግዮ በሚባል ቦታ ያለ ዳታ ሴንተር የባትሪ ክፍሉ ተቃጠለ። ካካኦ የሚባለው የአገሩ ሰው ሁሉ መልእክት የሚላላክበት አገልግሎት እዚያ ነበር። ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ 127 ሰዓት ተኩል ወሰደ። ኩባንያው ኋላ ራሱ እንዳመነው፣ ዳታው በሌላ ማዕከል ቅጂ ነበረው፤ ባለሙያዎቹ ለማሻገር የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች ግን ሁለተኛ ቅጂ አልነበራቸውም። የማሻገሪያ መመሪያችሁ የት ነው የተቀመጠው? የይለፍ ቃሉስ?

አጎት፦ የጋራ ፎልደር ውስጥ። እሱ ደግሞ...

መሐንዲሷ፦ ዋናው ስቶሬጅ ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ አትሙት፤ በወረቀት። አንዱ ኮፒ የአይቲ ኃላፊው ቤት፣ አንዱ እርስዎ ጋ።

አጎት፦ ይህ ሁሉ ተሟልቶ ከተሻገርን በኋላ ግን አበቃ አይደል?

መሐንዲሷ፦ ከተሻገራችሁ በኋላ አንድ እግር ላይ ናችሁ፤ ማዶው ብቻውን ነው፣ ቅጂ የለውም። በዚያ ላይ ዋጋ ለመቀነስ ማዶው አነስ ያለ ሞዴል እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል፤ እዚህ ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል። ሲንክሮነስ ከሆነ ቀርፋፋው ማዶ ዋናውንም ከዛሬ ጀምሮ ያጓትተዋል፤ ያው ሁለተኛውን ፊርማ መጠበቅ ነው። ለማንኛውም ዋናው ቤት ተጠግኖ ሲመለስ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ከማዶ ወደ ዋናው ይቀዳል። እኛ ከሁሉ በላይ የምንፈራው ይህችን ሰዓት ነው። ሁሉም ሰው ደክሟል፣ አልተኛም፤ በዚያ መካከል አንድ ሰው አቅጣጫውን አሳስቶ ትእዛዙን ቢሰጥ ከሳምንት በፊት የነበረው አሮጌ ዳታ የዛሬውን ይደመስሰዋል። ስለዚህ ከመገልበጡ በፊት በሁለቱም በኩል ስናፕሾት ይወሰዳል፤ ትእዛዙን አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነበዋል፣ ከዚያ ነው የሚጫነው።

አጎት፦ ይህ ሁሉ መለማመድ የሚፈልግ ነው።

መሐንዲሷ፦ በወረቀቱ ላይ ለልምምድ የተያዘ ገንዘብ አለ?

አጎት፦ አላየሁም። ሃርድዌር፣ ላይሰንስ፣ ተከላ፣ ሦስት ዓመት ጥገና። ልምምድ የሚል የለም።

መሐንዲሷ፦ ቀላሉ ልምምድ ብዙ አያስወጣም። ማዶ ያለውን ቅጂ ስናፕሾት አድርጎ፣ ሰርቨሮችን በተዘጋ ኔትወርክ አስነሥቶ፣ የታካሚው ፕሮግራም ይከፈታል ወይ ብሎ ማየት ነው፤ ሪፕሊኬሽኑም አይቋረጥም፣ ክሊኒኩም አያውቅም። እውነተኛው ልምምድ ግን ቅዳሜ ሌሊት ተሻግሮ ሙሉ ሳምንት ከማዶ መሥራት፣ ከዚያ መመለስ ነው። የረሳነው የላይሰንስ ሰርቨር፣ ወደ አሮጌው አድራሻ የሚልከው የላቦራቶሪ ማሽን፣ ማንም የማያስታውሰው ፕሪንተር፣ እነዚህ የሚገኙት ያኔ ነው። መጀመሪያ ስትሞክሩት 15 ደቂቃው ስድስት ሰዓት ቢሆን እንዳይደነግጡ።

አጎት፦ ለትርፍ ሰዓት ክፍያ መያዝ አለብኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብል?

መሐንዲሷ፦ ጥሩ ነው። እና ያ ዜሮ፣ አርፒኦው፣ ማን ወሰነው?

አጎት፦ ሻጩ መሰለኝ።

መሐንዲሷ፦ ሻጩ የታካሚ መዝገብ ጠፍቶት አያውቅም። ይህን የሚወስነው የሕክምና ዳይሬክተሯ ናት። የራጁን ፎቶ ከማሽኑ ላይ ዳግም ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ ለሕመምተኛ የታዘዘ መድኃኒት ግን ሌላ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አርፒኦ አይፈልግም፤ 200 ቴራባይቱን በሙሉ ሲንክሮነስ ማድረግ የገንዘብ ጉዳት ነው።

አጎት፦ እሷማ ብጠይቃት ለሁሉም ዜሮ ነው የምትለኝ።

መሐንዲሷ፦ ዋጋውን ሳይይዙ ከጠየቋት፣ አዎ። የዜሮውን፣ የአምስት ደቂቃውን፣ የአንድ ሰዓቱን ጎን ለጎን ይጻፉላት። ለመድኃኒት ትእዛዙና ለክፍያው ስንት ቴራባይት ነው የሚበቃው?

አጎት፦ አላውቅም። ከስድስት አይበልጥም መሰለኝ። የቀረው ራጅ ነው።

መሐንዲሷ፦ ስድስት ከሆነ መስመሩም ያን ያህል መስፋት የለበትም፤ ምናልባት ያው 1 ጊጋቢቱ ይበቃ ይሆናል። ያን ካልኩሌተር ወዲህ ይበሉት፤ ከጠዋቱ ጫፍ ሰዓት እንጀምር።